ዝም ያለ፣ የሚንተባተብና የሚዋሽ ሰዓት፦ ከመርካቶ የተገዛ የጊዜ መሣሪያን ከኮምፒዩተር ጋር ስለ ማነጋገር

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተውና መጠኑ 4.9 ሆኖ የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በፎቅ ቤቶች የሚኖር ብዙ ሰው ወደ ደጅ ወጥቶ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። በማግሥቱ ሦስት ተማሪዎች ከክፍል ስንወጣ ጠብቀውን «መምህር፣ የራሳችንን መመዝገቢያ መሥራት እንችላለን?» ሲሉ ጠየቁን። ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል ከማግኔትና ከጥቅልል ሽቦ መሥራት የማይቻል አይደለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መሬት መቼ እንደ ተንቀጠቀጠች በትክክል የማይናገር መዝገብ ቀን እንዳልተጻፈበት ደብዳቤ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ሲለካ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች መካከል ቀድሞ የሚደርሰው የግፊት ሞገድ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ 22 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓታችን 1 ሴኮንድ ቢሳሳት፣ ከጉዞ ጊዜ የምናሰላው ርቀት በ6 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል። በፊተኛውና በተከታዩ ሞገድ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ በመለካት ርቀትን መገመት እንደሚቻል የሚያውቅ አንባቢ ሊቃወመን ይችላል፤ ልክ ነው። ይሁን እንጂ የአንዱን ጣቢያ መዝገብ ከሌላው ጣቢያ መዝገብ ጋር አስተያይቶ የመነሻውን ቦታ ለመወሰን የጋራ ሰዓት የግድ ያስፈልጋል።

በአራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲያችን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957-58) ሲባል በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ በአባ ፒየር ጉዋን አማካይነት በተቋቋመበት ዘመን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በአጭር ሞገድ ራዲዮ በሚሰራጭ የሰዓት ምልክት ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩልን የአቶሚክ ሰዓት የተሸከሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ናቸው። ለጊዜ ልኬት ተብሎ የተሠራ የጂፒኤስ መቀበያ በየሴኮንዱ መባቻ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ የምቱም ስሕተት በአሥር ናኖ ሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ከምቱ ጋር «ይህ ሴኮንድ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን መልእክት በሲሪያል ሽቦ ይልካል። ምቱ ራሱ ስም የለውም፤ ስሙን የሚያወጣለት መልእክቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚሁ ሽቦ ላይ የሚያጋጥሙ ብልሽቶችን ነው።

መሣሪያውን ያገኘነው አዲስ ከተማ ውስጥ፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው። በአሮጌ ብረታ ብረት መካከል የተቀመጠ፣ የአንቴና መግቢያና ባለ 9 ፒን የሲሪያል መግቢያ ያለው አንድ የብረት ሳጥን ነበር። ከየት እንደ መጣ ሻጩም አያውቅም። ለሙከራ ያህል ላፕቶፓችንን አገናኝተን ምንም ነገር ባለማየታችን ልንመልስለት ስንል፣ «ጋሼ፣ ዕቃው ይሠራል፤ ኮምፒዩተሩ ነው የማያውቀው» አለን። በዚያን ጊዜ የነጋዴ ወግ መስሎን ፈገግ አልን።

አፍ ለአፍ፣ ጆሮ ለጆሮ

በሲሪያል ግንኙነት መረጃ በአንድ ሽቦ ላይ ቢት በቢት ተሰልፎ ይጓዛል። ተናጋሪው ዝም ባለበት ጊዜ ሽቦው በ«1» ሁኔታ ላይ ይቆያል። አንድ ፊደል ሊልክ ሲል ለአንድ ቢት ጊዜ ወደ «0» ይወርዳል፤ ይህ የመነሻ ቢት ነው። ከዚያ 8 የመረጃ ቢቶች፣ በመጨረሻም «1» የሆነ የማቆሚያ ቢት ይከተላሉ። በ9600 ቦድ ፍጥነት አንዱ ቢት 104 ማይክሮ ሴኮንድ ስለሚቆይ፣ አሥሩ ቢቶች 1 ሚሊ ሴኮንድ ከትንሽ ፈሪ ይወስዳሉ። ተቀባዩ የመነሻውን ቢት ካየ በኋላ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ የእያንዳንዱን ቢት መካከለኛ ቦታ ያነብባል። እስከ መጨረሻው ቢት መካከል 9 ቢት ተኩል ስለሚቆጥር፣ በዚህ ጉዞ ከግማሽ ቢት በላይ መሳት የለበትም፤ ይህም የሁለቱ ወገኖች ስሕተት ተደምሮ 5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በቢሊዮን አንድ እንኳ የማይስተው ሰዓት 5 በመቶ መሳትን በሚታገሥ ሽቦ መናገሩ ሁልጊዜ ያስቀናል፤ መሐንዲስ እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ያለው ነገር መሥራት ሲችል ነው የሚደነቀው።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የወጣው አርኤስ 232 የተባለው ደረጃ ዛሬም በእነዚህ ሳጥኖች ላይ ይገኛል። በዚህ ደረጃ መሠረት «1» ማለት በሽቦው ላይ ከ-3 እስከ -15 ቮልት ሲኖር ነው፤ «0» ደግሞ ከ+3 እስከ +15 ቮልት። በአንጻሩ ቺፖች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ «0» ዜሮ ቮልት፣ «1» ደግሞ 3.3 ወይም 5 ቮልት ነው። ስለሆነም ሁለቱ ቋንቋዎች በቮልት መጠን ብቻ ሳይሆን በአቅጣጫም ተቃራኒ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚለውጥ ዕቃ ስንጠይቅ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ስም ይቀርብልናል፤ አንዱ ባለ 9 ፒን ነው፣ ሌላው ራቁታቸውን የወጡ አራት ሽቦዎች አሉት። አራት ሽቦ ያለውን ከአርኤስ 232 ሳጥን ጋር በቀጥታ ያገናኘ ተማሪ፣ 3.3 ቮልት የለመደውን ቺፕ -9 ቮልት አጠጣው ማለት ነው። ከቺፑ በኋላ የሚቀረው ሽታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማናቸውም ነገር በፊት ቴስተር ይነሣ። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ በሳጥኑ ፒን 5 ላይ (ግራውንድ ነው)፣ ቀዩን በፒን 2፣ ቀጥሎም በፒን 3 ላይ እናሳርፋለን። አርኤስ 232 የሚናገር መሣሪያ ዝም ባለበት ጊዜ የሚናገርበት ፒን ከግራውንድ ጋር ሲለካ በግልጽ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ የሚሰማበት ፒን ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። በእኛ ሳጥን ፒን 2 ላይ -8.6 ቮልት አገኘን። ሳጥኑ በሕይወት አለ፤ አፉም ፒን 2 ነው። ከዚያ ኬብሉን ሰክተን በሌላኛው ጫፍ ስንለካ -8.6 ቮልት የተገኘው በፒን 3 ላይ ሆነ። በኮምፒዩተር በኩል ደግሞ ፒን 3 የመናገሪያ፣ ፒን 2 የመስሚያ ፒን ነው። ከመደርደሪያ አንሥተን ያመጣነው ኬብል ሁለት ኮምፒዩተሮችን ለማገናኘት ሽቦዎቹ የተሻገሩበት ኖሯል። ሁለቱ አፎች አፍ ለአፍ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ጆሮ ለጆሮ ተገናኝተው ነበር። ሻጩ ልክ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዩኤስቢ መለወጫው አንድ ነገር ጣል እናድርግ። መለወጫው ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ የራሱን ፒን 2 እና ፒን 3 በአጭር ሽቦ አገናኝቶ በኮምፒዩተሩ መጻፍ ይበቃል፤ የጻፍነው ፊደል ተመልሶ ከመጣ መለወጫው፣ ሶፍትዌሩና የመረጥነው ፖርት ደኅና ናቸው፣ ሽቦው ሲነቀል ፊደሉ መቅረቱን ማረጋገጥ እንዳይረሳ እንጂ። በገበያው ውስጥ አስመሳይ ቺፕ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች ያወጣው የዊንዶውስ ሶፍትዌር የአስመሳይ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ እየለወጠ ከሥራ ውጭ ያደረጋቸው በዚሁ ምክንያት ነበር።

የማይነበብ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

ኬብሉን በቀጥተኛው ስንለውጥ ሳጥኑ መናገር ጀመረ፤ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ አንድ እፍኝ ምልክት ይደፋል፤ ነገር ግን አንዱም የሚነበብ አልነበረም። እንዲህ ያለ መንተባተብ ሦስት የተለመዱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የቦድ ፍጥነት አለመመሳሰል ነው። ሁለተኛው የቮልቱ አቅጣጫ መገልበጥ ነው፤ ይህም የሚያጋጥመው በመካከል የቮልት መለወጫ ቺፕ ሲዘለል ወይም ሁለት ጊዜ ሲገባ ነው። ሦስተኛው የጋራ ግራውንድ አለመኖር ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ የምንፈልገው መስማት ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሽቦ ይበቃል ብሎ አስቦ ነበር፤ ቮልት ግን ሁልጊዜ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚለካ ነገር ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ አንድ ዓይነት፣ ቻርጀር ሲሰካ ሌላ ዓይነት መንተባተብ ከታየ፣ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፒን 5 ነው።

እኛ ፍጥነቱን ከ4800 እስከ 38400 ድረስ እየለዋወጥን ሞከርን። ፊደሎቹን በማየት ምንም አልገባንም። የገባን ፊደል ማየት ትተን የእያንዳንዱን ባይት ቁጥር ማየት ስንጀምር ነው። በ9600 ላይ ብቻ እያንዳንዱ እፍኝ በ16 ይጀምርና በ16 እና በ3 ይጨርሳል። በሌሎቹ ፍጥነቶች እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ሳጥኑ አልተንተባተበም፤ የሚናገረው በፊደል ሳይሆን በቁጥር ነበር። ብዙዎቹ የጂፒኤስ መቀበያዎች በዶላር ምልክት የሚጀምር፣ ሰው ሊያነብበው የሚችል መስመር ይልካሉ፤ ለጊዜ ልኬት የተሠሩት የቆዩ መሣሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ የየራሳቸው የቁጥር ቋንቋ አላቸው። ይህን ባለመረዳት ስንት ደኅና መሣሪያ ተመልሶ ወደ ብረት ክምር ተጥሎ ይሆን?

27 ሰዓት ከ16 ደቂቃ

አሁን የምንተርከው ብልሽት አሥር ቀን ያህል ያሠቃየን ነው። በመልእክቱ ውስጥ ሴኮንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀንና ወር በዚህ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ባይት ይመጣሉ። አንዷ ተማሪ ይህን የሚያነብብ አጭር ፕሮግራም ጻፈች፤ ሠራም። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ እንግዳ ነገር ይታይ ጀመር። አንድ ቀን በዓለም አቀፉ ሰዓት 11:27:16 ሲሆን ስክሪኑ ላይ 27:16:16 የሚል ወጣ። ሀያ ሰባት ሰዓት!

በመጀመሪያ ያማነው ሽቦውን ነበር። ኬብል ቀየርን፤ መለወጫ ቀየርን፤ ሳጥኑን ከመብራት ገመድ አራቅነው። ስሕተቱ እየመጣ ይሄዳል። በመጨረሻ ተማሪዋ ስሕተት የታየባቸውን ጊዜያት ሁሉ በወረቀት ላይ ስትዘረዝር፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ 16ኛው ሴኮንድ ላይ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። የሽቦ ጫጫታ ሰዓት አያውቅም። ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ስሕተት በሽቦው ላይ ሳይሆን በመልእክቱ አረዳድ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በዚህ ቋንቋ 16 የመልእክት መጀመሪያና መጨረሻ ምልክት ነው። እንግዲያው በመረጃው መካከል እውነተኛ 16 ሲያጋጥም ሳጥኑ ከምልክቱ እንዲለይ ሁለት ጊዜ ይልከዋል፤ ተቀባዩ አንዱን መጣል አለበት። የእኛ ፕሮግራም አልጣለም። ሴኮንዱ 16 ሲሆን ሁለተኛው 16 በደቂቃው ቦታ ገባ፤ እውነተኛው ደቂቃ 27 ወደ ሰዓቱ ቦታ ተገፋ።

እስከዚህ ድረስ አስቂኝ ነው። የማያስቀው ደቂቃው ራሱ 16 ሲሆን የሚሆነው ነው። በ11:16:30 ላይ ሴኮንዱ በትክክል ይነበባል፤ ደቂቃው 16 ይሆናል፤ በሰዓቱ ቦታ ደግሞ ትርፉ 16 ይገባል። ስክሪኑ 16:16:30 ይላል። ማንም የማይጠራጠረው፣ በ5 ሰዓት የተሳሳተ ጊዜ! በየሰዓቱ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲህ ይዋሻል። ከ3600 መልእክቶች 119ኙ፣ ማለትም ከሠላሳ አንዱ ገደማ፣ የተሳሳተ ነበር። 27 ሰዓት የሚለው ከንቱ ነገር ባይወጣ ኖሮ ምናልባት ሳናውቀው ይቀር ነበር። ፕሮግራሙን ለማረም የተጨመረው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ሰዓቱ ልክ፣ ቀኑ ግን 1997

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳጥኑን በገዛንበት ቀን የቀረጽናቸውን የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች በታረመው ፕሮግራም እንደገና ስናነብብ ሌላ ጉድ አገኘን። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2024፣ ቅዳሜ ነበር፤ መርካቶ በጣም የሚጨናነቅበት ቀን። ሳጥኑ ግን ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2005፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው ይላል። ያም ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ፣ ደቂቃው፣ ሴኮንዱ፣ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ልክ ናቸው፤ ቀኑ ግን በትክክል 7168 ቀናት ወደ ኋላ ቀርቷል።

7168 ቀን 1024 ሳምንት ነው። የቀድሞው የጂፒኤስ መልእክት ሳምንቱን የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለ ሆነ፣ ከ1023 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሥርዓቱ ቆጣሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 ዜሮ ገብቷል፤ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። አሮጌ መቀበያ የትኛው ዙር ላይ እንዳለ የሚገምተው ሶፍትዌሩ በተጻፈበት ዘመን ተመሥርቶ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሞዴል የሚሳሳትበት ቀን የተለያየ ነው። ምቱ ግን ቅንጣት አይጎድልበትም። መፍትሔው በኮምፒዩተሩ በኩል 1024 ሳምንት መደመር ነው።

ከዚህ የሚከፋው የ5 ሴኮንዱ ነገር ነው። የጂፒኤስ ሥርዓት የራሱ ጊዜ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በ18 ሴኮንድ ይቀድማል። መቀበያው ይህን ልዩነት የሚያገኘው ከሳተላይቶቹ ነው፤ ሙሉው መልእክት ተልኮ ለማለቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በማስታወሻው ያለውን አሮጌ ቁጥር ይጠቀማል። በእኛ ሳጥን ውስጥ ያለው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ትክክል የነበረው 13 ነው። በመሆኑም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ሳጥኑ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከእውነተኛው 5 ሴኮንድ ቀድሞ ይናገርና በድንገት ይታረማል። 5 ሴኮንድ በግፊት ሞገድ ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሳጥኑ በጂፒኤስ ጊዜ እንዲናገር ተደርጎ ከተተወ ደግሞ 18 ሴኮንድ፣ ማለትም 108 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፈንታሌን ከነተራራው ከከተማችን ያርቃታል። ስለዚህ መብራት ከመጣ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሀያ ደቂቃ መዝገብ ፕሮግራሙ በቀይ ምልክት እንዲለየው አድርገናል።

ምቱን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የተለመደው መንገድ የሲሪያሉን ፒን 1 መጠቀም ነው። በዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ እንስጥ። የአንዳንድ መሣሪያዎች ምት 10 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ስለሚረዝም ኮምፒዩተሩ ላያየው ይችላል፤ በ555 ቺፕ ማስረዘም ያስፈልጋል። በቮልት መለወጫ ቺፕ በኩል ካለፈ ደግሞ ይገለበጣልና፣ ኮምፒዩተሩ የምቱን መነሻ ትቶ መጨረሻውን ሊይዝ ይችላል፤ ስሕተቱ በትክክል ከምቱ ርዝመት ጋር እኩል ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ይኸው ነው። ዩኤስቢ መለወጫ የሚያስከትለው መዘግየት ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በአንዳንዶቹ እስከ 16 ሚሊ ሴኮንድ ይደርሳል፤ ይህ ግን ለእኛ ሥራ 100 ሜትር ገደማ ነው። የአንቴናው ገመድ መዘግየትማ በሜትር 5 ናኖ ሴኮንድ ያህል ነውና ይቅር። ናኖ ሴኮንድ ለማዳን እየተጨነቁ 5 ሴኮንድ ማሳለፍ በትርፍ ጊዜያቸው በትክክለኛ ሰዓት በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው፤ እኛም አላመለጥነውም።

መልእክቱ የሚሰይመው ያለፈውን ምት ነው ወይስ የሚመጣውን? ይህ እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ የተሳሳተ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ይስታል። ይህንንም ሆነ የ5ቱንና የ18ቱን ሴኮንድ ስሕተት የሚያጋልጠው ፈተና አንድ ነው፤ ሳጥኑን ከእርሱ ጋር ዝምድና ከሌለው ሰዓት ጋር ማስተያየት። በኢንተርኔት የሚገኘው የሰዓት አገልግሎት የሚስተው በአሥር ሚሊ ሴኮንዶች ስለ ሆነ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ስናስተያይ የአገራችን የሰዓት አጠራር እንዳያሳስተን መጠንቀቅ ይገባል። ዩቲሲ 9:00 ሲሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር 12:00 ነው፤ በእጃችን ሰዓት ደግሞ ቀትር 6:00 ነው። አንዱ ተማሪ 3 ሲደምር ሌላው 3 ሲቀንስ፣ ሁለቱም ልክ ሆነው በመዝገቡ ላይ የ6 ሰዓት ልዩነት አምጥተውብን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ የሚያዘው በዩቲሲ ብቻ ነው።

ሳጥኑ ዛሬ በቤተ ሙከራው መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ አንቴናው ጣሪያ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በክዳኑ ላይ በለጠፉት ወረቀት እንዲህ ተጽፏል፦ «ቀን ላይ 7168 ደምር። 16 ሲደገም አንዱን ጣል። መብራት ከመጣ 20 ደቂቃ አትመን።»